ካሸርነት፦ ሱፐርማርኬት ይሻላል ወይስ የእንስሳት መኖ ቤት?

ደብረ ማርቆስ ውስጥ በአንድ ሳምንት ሁለት የካሸርነት ቃለ መጠይቅ ገባሁ። አንዱ ሱፐርማርኬት፣ ሌላው የእንስሳት መኖና መድኃኒት መሸጫ።

የሱፐርማርኬቱ ቶሎ አለቀ። የትምህርት ማስረጃ፣ የሥራ ልምድ፣ ዋስ። የሽያጭ መመዝገቢያ ማሽን ትችያለሽ? 15 በመቶ ቫት እንዴት ይሰላል? በቃ፣ እንደውልልሻለን።

መኖ ቤቱ ግን ሌላ ነው። ባለቤቱ አራት ባለ 200 ብር ኖት ጠረጴዛው ላይ ደረደሩ። «ፉርሽካና ፋጉሎ የገዛ ገበሬ ሒሳቡ 740 ብር መጣ። መልሱን ስጪኝ» አሉኝ። አንድ ሃምሳ፣ አንድ አስር። ጮክ ብዬ እየቆጠርኩ እጃቸው ላይ አስቀመጥኩ። በቴሌብር ከፍያለሁ የሚል ቢመጣስ? ገንዘቡ በእኛ ስልክ መግባቱን ሳላይ ዕቃ አልለቅም አልኩ።

ቀጥሎ የመጣው ነው ከባዱ። «ዶሮዎቼ እያለቁብኝ ነው፣ የትኛውን መድኃኒት ልግዛ ቢልሽስ?» እዚህ ላይ አዋቂ ለመምሰል መድኃኒት መጥራት ትልቅ ስህተት ነው። የሰው ንብረት ነው፤ ለአንዳንዱ ቤት የልጆች ደብተር መግዣ ከእንቁላሉ ነው የሚወጣው። «ባለሙያውን እጠራለታለሁ፣ እኔ አላዝም» አልኩ። ፊታቸው ፈታ አለ።

ሱፐርማርኬቱ ንጹሕ ነው፣ ዩኒፎርምም አለው። መኖ ቤት አቧራ አለ፤ በገበያ ቀን ወረፋው አያስቀምጥም። እኔ ግን ከብትና ዶሮ እያየ ላደገ ሰው መኖ ቤቱን እመርጣለሁ። ከመግባታችሁ በፊት የፉርሽካና የፋጉሎን የሰሞኑን ዋጋ ጠይቃችሁ ሂዱ።