ጂቲኤክስ 1060 ሲደክም፦ አርኤክስ 580፣ 1660 ሱፐር ወይስ አርኤክስ 6600?

የኤንቪዲያው ግራፊክስ ካርድ ጂቲኤክስ 1060 የወጣው እ.ኤ.አ. በ2016 ነው። ለዕድሜው ጠንካራ ካርድ ነው፤ ዛሬም ብዙ ሰው ይጫወትበታል። ታዲያ ጌም መቆራረጥ ሲጀምር ወይም ስክሪኑ ላይ እንግዳ ቀለም ሲረጭ "በቃ ይቀየር" ይባላል። ይቀየር፣ ግን በምን? ያን የሚነግራችሁ ካርዱ የሚያሳየው ችግር ራሱ ነው። አንዳንዱ ችግር ሳንቲም አያስወጣም። አንዳንዱን ደግሞ ርዕሱ ላይ ካሉት ሦስት ካርዶች አንዱ ብቻ ነው የሚፈታው።

ኮምፒውተሩ ገና ሲነሳ፣ ዊንዶውስ ሳይገባ፣ መስመርና ነጠብጣብ ከታየ መጀመሪያ ኬብሉንና ስክሪኑን ቀይራችሁ ሞክሩ። ካልጠፋ የካርዱ ሜሞሪ ወይም ቺፑ ተጎድቷል ማለት ነው። ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበትን ፕሮግራም) ብትቀያይሩ ልፋት ብቻ ነው የሚተርፋችሁ። ጌም ውስጥ ብቻ የሚታይ ከሆነ ግን ተስፋ አለ። ኦቨርክሎክ (ካርዱን ከተሠራበት ፍጥነት በላይ ማስሮጥ) ካለ አንሱት። የድሮውን ድራይቨር ሴፍ ሞድ ገብታችሁ፣ ዲዲዩ በሚባለው ፕሮግራም ጠራርጋችሁ አጥፉትና እንደገና ጫኑ። ከዚያ ሙቀቱን እዩ። 1060 ወደ 83 ዲግሪ ሲጠጋ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል። መጀመሪያ ላይ ጥሩ ሄዶ ቆይቶ የሚንፏቀቅ ጌም ብዙ ጊዜ መነሻው ይኸው ነው። አቧራውን አራግፉ፣ ተርማል ፔስቱን (ቺፑና ማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባውን) ቀይሩ። ለዚህ ብሎ ካርድ መግዛት ብክነት ነው።

ጌም ሲከብድ ኮምፒውተሩ ድንገት የሚጠፋ ከሆነ ፓወር ሳፕላዩን ጠርጥሩ። ይህ ለምርጫችሁም ወሳኝ ነው። 1060 የሚፈልገው 120 ዋት ነው፤ አርኤክስ 580 ግን 185 ዋት ይበላል። የደከመ ፓወር ሳፕላይ ላይ 580 መሰካት በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው።

አንድ ቀላል ፈተና ልጨምር። የጌሙን ሬዞሉሽን ከ1080 ወደ 720 አውርዱት። ፍሬሙ (በሴኮንድ የሚታየው የምስል ብዛት) ካልጨመረ ካርዱ ጥፋት የለበትም፤ የሚጎትታችሁ ሲፒዩው (የኮምፒውተሩ ዋና ፕሮሰሰር) ነው። ከታች ከምጠራቸው ካርዶች አንዱም አይረዳችሁም።

አሁን ወደ ምርጫው። አርኤክስ 580ን ሰው የሚመርጠው ለ8 ጊጋ ሜሞሪው ነው። ምክንያቱ ውሃ ያነሳል። ቴክስቸሩ (የነገሮች ገጽ ላይ የሚለበጠው ምስል) ደብዝዞ ቆይቶ የሚጠራ ወይም ካሜራውን ስታዞሩ ቀጥ የሚል ጌም ካላችሁ፣ የካርዱ ሜሞሪ የመሙላቱ ነገር አይቀርም። 3 ጊጋ ያለው 1060 ላይ ከሆናችሁ ለውጡ ይታያችኋል። ባለ 6 ጊጋው ላይ ግን የቴክስቸር ሴቲንጉን አንድ ደረጃ ዝቅ ማድረግ ብዙ ጊዜ ይበቃል፤ በፍጥነትም እሱና 580 ያን ያህል አይበላለጡም። ባለ 6 ጊጋ 1060 ሸጦ 580 መግዛት፣ እንደኔ፣ ቤት ሳያሰፉ ሰፈር መቀየር ነው። በዚያ ላይ ገበያ ላይ ካሉት 580ዎች ማይኒንግ (የክሪፕቶ ገንዘብ ማምረት) ላይ የከረሙ አሉ። ባዮሳቸው (ካርዱ ላይ ያለው መነሻ ፕሮግራም) ለማይኒንግ ተነካክቶ ከሆነ ጌም ላይ ያስቸግራሉ። "2048ኤስፒ" የተጻፈበትን ደግሞ ልብ በሉ። ስሙ 580 ነው፤ ኮሮቹ (ስሌቱን የሚሠሩት ክፍሎች) ግን 2304 ሳይሆኑ 2048 ናቸው። ያ እንግዲህ ዝቅ ያለው አርኤክስ 570 ነው።

1660 ሱፐር ከዚህ ይሻላል። በ2019 የወጣ፣ 125 ዋት ብቻ የሚበላ ካርድ ነው። ሜሞሪው 6 ጊጋ ቢሆንም ጂዲዲአር6 የሚባለው ፈጣን ዓይነት ስለሆነ በሴኮንድ 336 ጊጋባይት ያስተላልፋል፤ የ1060 192 ነው። ችግራችሁ የፍሬም ማነስ ብቻ ከሆነ ያስደስታችኋል። የድራይቨር ጉዳይም አለ። ኤንቪዲያ ለ1060 ትውልድ አዲስ የጌም ድራይቨር ማውጣቱን በኦክቶበር 2025 አቁሟል፤ እስከ 2028 የሚቀጥለው የደህንነት ማሻሻያ ብቻ ነው። ውሳኔው 1660ን አልነካውም። የአርኤክስ ካርዶች አምራች ኤኤምዲ ደግሞ 580ን ጡረታ ያስወጣው ከዚያ ቀድሞ፣ በ2023 ነው።

ሁለቱም የማይፈቱት አንድ ችግር ግን አለ፦ ጭራሽ የማይከፈት ጌም። በዲሴምበር 2024 የወጣው "ኢንዲያና ጆንስ ኤንድ ዘ ግሬት ሰርክል" ሬይ ትሬሲንግ (የብርሃንን አካሄድ እያሰላ ምስል መሥራት) በሃርድዌር የሚሠራ ካርድ ካላገኘ አይጀምርም። በ2025 የመጣው "ዱም፦ ዘ ዳርክ ኤጅስ"ም እንደዚያው። ሴቲንግ ብትቀንሱም ድራይቨር ብትቀይሩም መፍትሔ የለውም። 580ም 1660ም በር ላይ ይቀራሉ።

አርኤክስ 6600 ይገባል። ሬይ ትሬሲንግ ላይ ኃይለኛ ነው አልልም፤ ግን ይከፍተዋል። 8 ጊጋ ሜሞሪ አለው፣ 132 ዋት ይበላል፣ በፍጥነት የ1060ን እጥፍ ገደማ ነው። ባለ 8 ፒን ኬብል ስለሚፈልግ ፓወር ሳፕላያችሁ ላይ መኖሩን ቀድማችሁ እዩ። እንከኑ ከማዘርቦርዱ ጋር የሚገናኘው በ8 የዳታ መስመር ብቻ መሆኑ ነው። ፒሲአይ 3 (የካርድ መሰኪያው ሦስተኛ ትውልድ) ባለው ማዘርቦርድ ላይ ብዙም አይሰማም፤ ፒሲአይ 2 ላይ ግን ይጎዳዋል። ኤኤምዲ በ2025 መጨረሻ ይህንን ትውልድ ወደ ሌላ የድራይቨር መስመር ማዛወሩም ሰውን አስደንግጦ ነበር፤ የአዳዲስ ጌሞች ድጋፍ ይቀጥላል ብሏል። የእኔ ምርጫ ይኸው ካርድ ነው፤ አቅም ካነሰ 1660 ሱፐር። 580ን የምመክረው በጣም በርካሽ ለሚያገኘው፣ ጥሩ ፓወር ሳፕላይም ላለው ሰው ብቻ ነው።

ስሙ ስለሚቀራረብ 6500 ኤክስቲን ከ6600 ጋር እንዳታምታቱ። እሱ በአብዛኛው 4 ጊጋ ሜሞሪ፣ መስመሩም 4 ብቻ ነው ያለው፤ አሮጌ ማዘርቦርድ ላይ ክፉኛ ይንቀራፈፋል።

ያገለገለ ከገዛችሁ ሻጩ ፊት ከባድ ጌም ለግማሽ ሰዓት አስኪዱት፤ ነጠብጣብም ሆነ መዘጋት የሚመጣው ሲሞቅ ነው። ጂፒዩ-ዚ የሚባለውንም ነፃ ፕሮግራም ክፈቱ። የኮሩን ቁጥር ያሳያችኋል። ባዮሱ ተቀይሮ በሌላ ስም የሚሸጥ የድሮ የኤንቪዲያ ቺፕ ሲያገኝም ስሙ ፊት "ፌክ" ብሎ ይጽፍላችኋል።