ዙም የሌለው ስኮፕ፦ ዘጠኝ ወር ከሉፖልድ 4×33 ጋር

«ዙሙ የት ነው?» አለኝ የባለቤቴ ወንድም፣ ጠመንጃውን ተቀብሎ የስኮፑን (የማነጣጠሪያ መነጽሩን) አንገት እንደ ጠርሙስ ክዳን ሊያዞር እየታገለ።

«የለውም።»

«ተበልተሃላ!»

ያኔ የምመልስለት አልነበረኝም። ስኮፑን ከገዛሁት ገና ሁለት ሳምንቱ ነበር። ይህን የምጽፈው ከግንቦት እስከ ጥር በበጋ ሙቀት፣ በኅዳር ዝናብና በአንድ ሙሉ የአደን ወቅት ከተጠቀምኩበት በኋላ ስለሆነ አሁን ትንሽ መናገር እችላለሁ።

ዕቃው የሉፖልድ ኤፍኤክስ-2 ነው፣ 4×33። አራቱ አራት እጥፍ አቅርቦ ያሳያል ማለት ነው፤ ከአራት አይወርድም፣ ከአራት አይወጣም። 33 ደግሞ የፊተኛው መስታወት ስፋት በሚሊሜትር ነው። ቱቦው አንድ ኢንች ሲሆን ክብደቱ ሦስት መቶ ግራም አይሞላም። ይህ ሞዴል አሁን ስለማይመረት ያገለገለ ነው የገዛሁት፣ በ260 ዶላር። የኩባንያው ዋስትና ከዕቃው ጋር እንጂ ከመጀመሪያው ገዢ ጋር አይሄድም፣ ደረሰኝም አይጠይቁም፤ ባይሆን ኖሮ ያገለገለ መስታወት ለመግዛት ልቤ አይደፍርም ነበር።

ከዚህ በፊት የነበረኝ ከሦስት እስከ ዘጠኝ የሚሄድ ባለ 40 ነው፤ የሠራው ማን እንደሆነ ይቅር። አብዛኛው ሰው እዚህ ቨርጂኒያ የሚይዘው እሱን ነው፤ በመጥፎነቱም አይደለም የተውኩት። የተውኩት በራሴ ጥፋት ነው። የመጀመሪያው ዓመት፣ በጆርጅ ዋሽንግተን ደን ውስጥ አንድ ዛፍ ሥር ተቀምጬ፣ ማዶ ያለው ጥቁር ነገር ጉቶ ይሁን እንስሳ ለማጣራት ዙሙን እስከ ዘጠኝ አዞርኩት። ጉቶ ነበር። ረሳሁት፣ መልሼ ሳላወርደው ተቀመጥኩ። ግማሽ ሰዓት ያህል ቆይቶ በስተቀኜ ቅጠሉ ኮሽ አለ። ሃያ አምስት እርምጃ ቢሆን ነው። ጠመንጃውን ቀስ ብዬ አነሳሁና በስኮፑ ሳይ ያየሁት ጸጉር ብቻ ነው። ቡናማ ጸጉር፣ ከዳር እስከ ዳር። ትከሻው ይሁን ታፋው፣ የት ይጀምር የት ይለቅ አላውቅም። የዙሙን ቀለበት ለማዞር እጄን ሳንቀሳቅስ አጋዘኑ ነጭ ጅራቱን እንደ ባንዲራ አውለብልቦ ሄደ።

(በነገራችን ላይ እኛ «አጋዘን» የምንለው የዚህ አገሩ እንስሳ የእኛ አጋዘን አይደለም። የባሌው ደጋ አጋዘን ቀንዱ ዕድሜ ልኩን አብሮት ይኖራል፤ የዚህኛው ቀንድ በየዓመቱ ወድቆ እንደገና ይበቅላል። ሌላ ቃል ስለሌለን ነው እንዲህ የምንጠራው።)

ሌላም ነገር ነበር። ዙም ስኮፕ ብዙ ጊዜ ወደ ላይኛው ቁጥር ሲጠጋ ዓይናችሁ መቆም ያለበት ቦታ ይጠባል፣ ወደ ፊት ተጠጉ ይላችኋል። የባለቤቴ ወንድም በዚያው አሮጌ ስኮፕ፣ በዘጠኝ፣ በ.308 ጥይት ሲተኩስ የተጠጋው ትንሽ በዝቶ የስኮፑ ጠርዝ ቅንድቡ ላይ ግማሽ ጨረቃ ሣለበት። እናቱ በቪዲዮ ሲያዩት «ማን መታህ ልጄ?» ብለው ነበር። የአሁኑ ዓይኔን ከመስታወቱ አራት ኢንች ያህል ርቄ እንድይዝ ያደርገኛል፤ ርቀቱም ሁልጊዜ ያው ስለሆነ አንገቴ ለምዶታል። ጠመንጃውን ሳነሳው ትከሻዬ ላይ ያርፋል፣ ዓይኔ መስታወቱ ውስጥ ነው። አባቴ በምንሽር ሲያነጣጥር ሁለቱንም ዓይኖቹን ከፍቶ ነበር፤ አንድ ዓይኑን የሚጨፍን ሰው ሲያይ ይስቅ ነበር። በዘጠኝ እጥፍ ሁለት ዓይን ከፍቼ ልተኩስ ብል ራሴን ያዞረኛል። በአራት ግን ይቻላል፣ ትንሽ ልምምድ ብቻ ይጠይቃል።

አሁን ስለ ብርሃን ላውራ፤ ከገዛሁ በኋላ በጣም የገረመኝ እሱ ነውና። ቨርጂኒያ ውስጥ አጋዘን መተኮስ የሚፈቀደው ፀሐይ ከመውጣቷ ግማሽ ሰዓት በፊት ጀምሮ ከጠለቀች ግማሽ ሰዓት እስኪሆን ነው። እንስሳውም የሚንቀሳቀሰው በዚያችው ግማሽ ሰዓት ነው። ስኮፑን በቀን ብርሃን ወደ መስኮት አዙራችሁ ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ያዙት። በኋለኛው መስታወት ውስጥ ትንሽ ክብ ብርሃን ትታያለች። በልጄ ማስመሪያ ለካኋት፤ ስምንት ሚሊሜትር ገደማ። ስሌቱም ያንኑ ነው የሚሰጠው፣ 33 ሲካፈል ለ4። አሮጌውን ስኮፕ ዘጠኝ ላይ አድርጌ ስለካው 40 ለ9 ነው፣ አራት ተኩል እንኳ አይሞላም። የሰው ዓይን ብሌን በጨለማ በወጣትነት እስከ ሰባት ሚሊሜትር ይከፈታል፤ እኔ ሃምሳ አራት ዓመቴ ነው፣ የኔ ከአምስት ብዙም አያልፍ ይሆናል። ስለዚህ በአራቱ የሚገባው ብርሃን ዓይኔ ከሚቀበለው በላይ ነው። ትርፉም አይባክንም፦ ጭንቅላቴ ትንሽ ዞር ቢል፣ ወፍራም ጃኬት ለብሼ አቀማመጤ ቢበላሽ እንኳ ምስሉ አይጠቁርም። አሮጌውም ወደ አራት ቢወርድ ያው ነው፣ ልክ ነው። ግን ማን ያወርደዋል? እኔ አላወረድኩትም።

በስኮፑ ውስጥ የሚታየው የማነጣጠሪያ መስቀል ከዳር ወፍራም፣ መሃል ላይ ቀጭን ነው፤ ይህን ሥሪት ሉፖልድ በ1962 ነው ያወጣው፣ ዛሬ ሁሉም ይሠራዋል። ሲመሽ ቀጭኑ ክር ቢጠፋባችሁ እንኳ ወፍራሞቹ አራት ጫፎች መሃሉን ያሳያሉ።

ስኮፑን ጠመንጃው ላይ ሳስር የሚይዙትን ቀለበቶች ለሰዓት ያህል ነካክቻለሁ፤ ለጀማሪ አንድ ምክር ካለኝ ብሎኖቹን በጉልበት አታጥብቁ፣ ቱቦው ይጨመቃል። በጥቂት ዶላር የምትገዛ መለኪያ ያላት መፍቻ አለች። ከዚያ ቦልቱን (የበርሜሉን ኋላ የሚዘጋውን ብረት) አውጥቼ፣ ጠመንጃውን ኩሽና ጠረጴዛ ላይ በሃያ አምስት ፓውንድ የጤፍ ከረጢት አስደግፌ፣ በበርሜሉ ቀዳዳ የጎረቤቱን የፖስታ ሳጥን መሃል ላይ አመጣሁ። ጠመንጃውን ሳልነካ በስኮፑ አየሁና መስቀሉን እዚያው ሳጥን ላይ አዞርኩት። (ባለቤቴ መጀመሪያ የጠየቀችው ጤፉ ላይ ዘይት ነክቶ እንደሆነ ነው።) ሬንጅ (የተኩስ ልምምድ ቦታ) ሄጄ በ25 ያርድ የመጀመሪያዋ ጥይት ወረቀቱ ላይ አረፈች። በ100 ያርድ ለመጨረስ አሥራ አንድ ጥይት ፈጀሁ። የስኮፑ ማስተካከያ አንዷ ምልክት በ100 ያርድ ሩብ ኢንች ታንቀሳቅሳለች። ከመሃል አንድ ተኩል ኢንች ከፍ አድርጌ ተውኩት፤ ያን ካደረግሁ እስከ ሁለት መቶ ያርድ ድረስ ስለ ጥይቱ መውደቅ ማሰብ የለብኝም። የማስተካከያዎቹን ክዳኖች ዘጋሁ። ከዚያ ወዲህ አልከፈትኳቸውም።

ወቅቱ የተከፈተው ኅዳር 6 ቀን ነው፣ በፈረንጅ ኖቬምበር 15። ለእኛ ሰው ይህ ልዩ ሒሳብ አለው፤ ጾመ ነቢያት ኅዳር 15 ስለሚገባ ሥጋ አግኝቶ ለመቅመስ ዘጠኝ ቀን ብቻ ነው ያለን፣ እሱም ረቡዕና ዓርብ ሲቀነስ። እሑድ ቅዳሴ አለ። ስለዚህ ለኔ ሁለት ቅዳሜ ነበረችኝ።

የመጀመሪያዋ ቅዳሜ ባዶ ነበረች። ሁለተኛዋ ላይ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ተነሥቼ፣ ብርቱካናማ ሰደርያዬን ደርቤ፣ ቁልቁለቱ ላይ ደረስኩ። ካፊያ ነበር። የመስታወቶቹን ክዳን እስከ መጨረሻዋ ሰዓት አላነሳሁም፤ ካነሳሁ በኋላም ጠብታ ስላረፈበት በመሐረብ ጠረግሁት። የውስጡ መስታወት ግን ጉም አልያዘም፤ መኪና ውስጥ ማሞቂያው ሥር ቆይቶ ወደ ብርዱ ወጥቶም ቢሆን። ሰባ ያርድ ላይ፣ ከቁጥቋጦው ኋላ፣ አንዲት እንስት እግሯን አነሣች። በስኮፑ ከአፍንጫዋ እስከ ጅራቷ፣ ከፊቷ ያለው ቅርንጫፍም፣ ከኋላዋ ያለው ቋጥኝም ሁሉ ይታያል። ቅርንጫፉን እስክታልፍ ጠበቅሁ። ሁለት እርምጃ። በስመ አብ አልኩና ቃታውን ሳብኩ። ሠላሳ ሜትር ሮጣ ወደቀች። ምንም ነገር አላዞርኩም፣ ስለ ስኮፑ አላሰብኩም፤ ይህን ያስተዋልኩት ማታ ሥጋውን ስቆርጥ ነው።

ያልተኮስኩትም አለ። ፎኪየር ካውንቲ ውስጥ የሥራ ባልደረባዬ እርሻ ላይ፣ አመሻሽ፣ ሜዳው ጫፍ ላይ፣ ከሁለት መቶ ያርድ በላይ። በስኮፑ አጋዘኑ ይታያል፣ ግን ከኋላው ያለው ጥላ ምን እንደሆነ አልለየሁም። በ8×42 የእጅ መነጽሬ ሳይ ሌላ አጋዘን ነው፣ ተደርበው ቆመዋል። ተውኩት። በዘጠኝ እጥፍ ቢሆን በስኮፑ እለየው ነበር፣ አልክድም። ነገር ግን ጠመንጃ እየደገኑ «ምንድን ነው እሱ?» ማለት ራሱ መጥፎ ልማድ ነው፤ ያ ጥላ ሰው ቢሆንስ? ዙም ያለው ስኮፕ ሰውን ያንን ያስለምዳል ብዬ አምናለሁ። ከስኮፑ ያተረፋችሁትን ገንዘብ ለእጅ መነጽር አውሉት።

ስለዚህ ለማን አይሆንም? ወረቀት ላይ ትንሽ ቀዳዳ ለመደርደር ለሚፈልግ አይሆንም። ወደ ዋዮሚንግ ሄዶ ዛፍ በሌለበት ሜዳ ላይ ፕሮንግሆርን የሚባለውን ሚዳቋ መሰል የሜዳ እንስሳ ለሚያድን ሰውም እምብዛም ነው። ሰፊ እርሻ ላይ የሚቀመጥ ግን ዙም ካልፈለገ ባለ ስድስቱን 6×42 ይይ፤ የብርሃኗ ክብ ሰባት ሚሊሜትር ናት፣ አትጎዳውም። እኔ የማድንበት ደን ውስጥ ከመቶ ያርድ በላይ ማየት ራሱ ብርቅ ነው። ብዙ ሰው ስኮፕ የሚገዛው ሊተኩስ ለሚያልመው ርቀት ነው፤ እኔም የመጀመሪያውን ስገዛ እንደዚያ ነበርኩ።

ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ጾሙን ሙሉ ተቀምጦ ለገና ወጣ። ስብ የለውም፣ ቅቤ ሳትቆጥቡ ጥበሱት። የባለቤቴ ወንድም ሦስት ጊዜ ደግሞ ወሰደ፣ ስለ ዙሙ ምንም አላለም።

ባለፈው ሳምንት ጠመንጃውን መልሼ ሬንጅ ወሰድኩት፣ ዘጠኝ ወር ተንከራቶ ዒላማው እዚያው እንዳለ ለማየት። በ100 ያርድ ሦስት ጥይት። ሁለቱ ካስቀመጥኳቸው ቦታ ላይ፣ በአንድ ጣት ስፋት ተጠጋግተው። ሦስተኛዋ ወደ ግራ ወጣች፤ ከኋላዬ አንዱ ሲያስነጥስ ነው ቃታውን የሳብኩት።