ዱብሊን ላላችሁ፦ ሎክሩን፣ ፎርንና ኢሽናህን በአንድ ቀን ለሚያዞረው አስጎብኚ ምስጋና

ኒውግሬንጅ ለሚባለው ታዋቂ የጥንት መቃብር ትኬት አልቆባችሁ የቀራችሁ፣ ወይም ሰልፉ ያሰለቻችሁ ካላችሁ ይቺን ጥቆማ ያዙ። ከዱብሊን ተነስቶ ሚዝና ዌስትሚዝ ካውንቲዎችን የሚያዞር፣ ሾፌርም አስጎብኚም የሆነ አይርላንዳዊ አለ፤ እጁ ይባረክ። ስሙን እዚህ አናወጣም፤ ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁን።

መጀመሪያ ሎክሩ ነው፤ የጥንት መቃብሮች ያሉበት ኮረብታ። ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል (በፈረንጅ 7፡30) ከከተማ ከወጣችሁ የመኪና ማቆሚያው ሳይሞላ ትደርሳላችሁ። ዳገቱ 20 ደቂቃ ቢፈጅ ነው፤ ግን ሣሩ ጠል ስለሚይዝ ሶሉ ያለቀ ስኒከር ጉድ ያደርጋል፤ በተለይ ሲወረድ። በጎች ስላሉ የከፈታችሁትን የአጥር በር መልሳችሁ ዝጉ።

አናቱ ላይ ያለው ኬርን ቲ የሚባለው የድንጋይ ክምር መቃብር ከ5,000 ዓመት በላይ ዕድሜ አለው። ቀንና ሌሊት እኩል ሲሆኑ፣ በእኛ መጋቢት 11 እና መስከረም 12 ገደማ፣ የንጋት ፀሐይ በጠባቡ መተላለፊያ ገብታ መጨረሻ ያለውን ቅርጽ ያለበት ድንጋይ ታበራዋለች፤ ደመና ካልከለከላት፣ መቼም በአይርላንድ ብዙ ጊዜ ትከለከላለች። የብረት በሩ ስለሚቆለፍ እንገባለን ብላችሁ አትሂዱ። አስጎብኚያችን ባትሪ ይይዛል፤ ቅርጽ ያለበትን ድንጋይ የሚያበራው ግን ፊት ለፊት ሳይሆን ከጎን አስጠግቶ ነው። ፊት ለፊት ከበራበት ድንጋዩ ልሙጥ መስሎ ይቀራል፤ ከጎን ሲሆን የእያንዳንዱ ጭረት ጥላ ይወጣል። በጠመኔ ማቅለም ድንጋዩን ስለሚጎዳ ሲያደርግ ያየውን አይምርም።

ተረቱን የሚነግረው በቦታው ነው፤ "የአሮጊቷ ወንበር" ከሚባለው ትልቅ ድንጋይ አጠገብ። ኮረብታው የተሰየመባት ጠንቋይ አሮጊት ድንጋይ በሽርጧ ቋጥራ ከኮረብታ ወደ ኮረብታ ስትዘል በየአናቱ አራገፈች፤ በመጨረሻው ዝላይ ወድቃ ሞተች። "ይሄ ተረት ነው፣ ይሄ በቁፋሮ የተገኘ ነው" እያለ ለይቶ መናገሩን በጣም ወደድንለት።

ፎር ላይ ደግሞ ጊዜ ስጡት። በ7ኛው ክፍለ ዘመን ቅዱስ ፌሂን ገዳም የመሠረተበት ሸለቆ ነው፤ ሰባት ተአምራት አሉት ይባላል። አንዱ ሽቅብ የሚፈስ ውኃ ነው፦ ቅዱሱ በትሩን ሎክ ሊን ሐይቅ ላይ መታና ውኃው ኮረብታውን አቋርጦ ወፍጮውን አዞረ። እውነታው ግን የአካባቢው ድንጋይ የኖራ ድንጋይ ስለሆነ ውኃው ከሐይቁ በመሬት ውስጥ ሰርጎ ፎር ላይ ይወጣል። ሌላው የቤተ ክርስቲያኑ በር ጉበን ነው፤ ሠራተኞቹ ማንሳት አቅቷቸው ሲተዉት ቅዱሱ በጸሎት አነሳው ይላሉ። በክብ ውስጥ ያለችው መስቀል አሁንም ጉበኑ ላይ ትታያለች፤ ቀና ካላላችሁ ታልፏችኋለች።

ከጠበሉ አጠገብ የስለት ዛፍ አለ፤ አድባር በሉት። ውኃው አይፈላም፣ እንጨቱ አይነድም ይባላል። የቀድሞው ዛፍ የደረቀው ሰዎች ግንዱ ላይ በቸነከሩት ሳንቲም ነው፤ መዳቡ መረዘው። ጨርቅ ካሰራችሁ ጥጥ ይሁን፤ እምነቱ ጨርቁ ሲበሰብስ ሕመሙም አብሮ ይሄዳል ነው፤ ናይሎን ደግሞ አይበሰብስም፣ ቅርንጫፉንም ያንቀዋል። ድሮ ባሕታዊ ይኖርበት የነበረው ክፍል ስለሚቆለፍ አስጎብኚያችን ቁልፉን አስቀድሞ ደውሎ ያስዘጋጃል።

የመጨረሻው ኢሽናህ የሚባለው ኮረብታ የግል እርሻ መሬት ነው፤ ያለ ቀጠሮና ያለ ቦታው አስጎብኚ አይገባም። ቀጠሮውን የእኛው አስጎብኚ ይይዛል፣ መግቢያው ግን ለብቻው ይከፈላል። 6 ሜትር የሚጠጋው የተሰነጠቀ ቋጥኝ የጥንቷ አይርላንድ ክፍለ ሀገሮች መገናኛ ይባላል፤ ለአገሪቱ ስሟን የሰጠችው የተረት እንስት አምላክ ኤሪዩ ከሥሩ ተቀብራለች ይላሉ።

አንድ ቅር ያለን ነገር ምሳ ነው፤ ግማሽ ሰዓት ብቻ ይሰጣል። ዳቦ ቋጥሩ። የዝናብ ጃኬትም በጠራ ቀን ሳይቀር ያዙ፤ ጃንጥላ አናቱ ላይ ነፋሱ ይገለብጠዋል። ሕፃን ልጅ ካላችሁ ጋሪ ለሎክሩና ለኢሽናህ አይሆንም፤ ማዘያ ያዙ።