የእህቴን የሰርግ ካርድ ያሠራሁበት ቤት፦ እጃቸው ጥሩ ነው፣ ጽሑፉን ግን ራሳችሁ ጠብቁት

ታናሽ እህቴ ጥር 18፣ 2017 ተዳረች። አዳራሹን ወንድሜ ያዘ፣ ድግሱን እናቴና የሰፈራችን ሴቶች፣ ወረቀት የተባለ ነገር ሁሉ ደግሞ ለእኔ ደረሰ። የጥሪ ካርድ፣ የመልስ ካርድ፣ የውሃ ስቲከር፣ ባነር፣ የጠረጴዛ ቁጥር። ሁሉንም ያሠራሁት አንድ ማተሚያ ቤት ነው። ድሮ ፒያሳ ነበሩ፣ በ2016 አካባቢው ሲፈርስ ሌላ ቦታ ገቡ። ስማቸውን አልጽፍም። የምነግራችሁ ግን የትም ብታሠሩ ይጠቅማችኋል።

ከጥሩው ልጀምር። ወረቀት ያውቃሉ። ገና ስገባ ዋጋ አልነገሩኝም፣ ናሙና አወጡና እጄ ላይ አስቀመጡልኝ። 250 ግራምና 300 ግራም ስትነኩት ልዩነቱ ይሰማችኋል፣ 300ው ፖስታ ውስጥ ገብቶ ሲወጣ አይጎብጥም። የሚታጠፈውን ቦታ ቀድመው በማሽን መስመር ስለሚመቱበት ቀለሙ እጥፋቱ ላይ አልተሰነጠቀም። ወርቃማ ጽሑፍ ስፈልግ ደግሞ እውነቱን ነገሩኝ፦ በተራ ቀለም የሚታተም ወርቅ ደብዛዛ ቢጫ ሆኖ ነው የሚወጣው፣ የሚያብረቀርቀው በሙቀት የሚጫነው ፎይል ነው፣ እሱ ደግሞ ለብቻው የብረት ማኅተም ስለሚሠራለት ይወደዳል። እኛ የሁለቱን ስም ብቻ በፎይል አደረግን፣ የቀረውን በተራ ቀለም። በጣም ያምር ነበር።

ዋጋ። 250 ካርድ፣ አንዱ 60 ብር፣ 15,000 ብር ብለው ተስማማን፣ ግማሹን ቀብድ ከፈልኩ። ልረከብ ስሄድ 17,250 ሆነ። የ15 በመቶ ቫቱ ነው። መጀመሪያ የነገሩኝ ዋጋ ከቫት ውጪ ነበር፣ አፍ አውጥቶ ያለኝ ግን የለም። ይሄ ልክ አይደለም። ሰርግ ያለበት ቤት እያንዳንዷን ብር ቆጥሮ ነው የያዛት። ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት «ከነቫቱ ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፣ ዋጋውም እስከ መቼ እንደሚጸና በጽሑፍ ተቀበሉ፣ የወረቀት ዋጋ ቶሎ ቶሎ ይለዋወጣል።

ብዛቱን በተመለከተ፣ ያሰብነው እንግዳ 500 ነበር። ካርዱ ግን ለአንድ ቤት አንድ ነው፣ «ከነባለቤትዎ» ተብሎ ይጻፍበታል፣ ስለዚህ 250 ይበቃል አልን። አልበቃም። የእናቴ እድርተኞች በስም ሲጻፉ ከገመትነው በላይ ሆኑና 20 ጎደለን። ባለቤቱ ሳዝ ነግረውኝ ነበር፣ ማሽኑ አንዴ ከተነሳ 50 መጨመር ትንሽ ነው፣ በኋላ ተመልሶ 20 ማሠራት ግን እንደ አዲስ ነው ብለው። ትክክል ነበሩ። መጀመሪያ ስም ዝርዝሩን በወረቀት ጻፉ፣ ከዚያ 30 ወይም 40 ጨምሩበት።

አሁን ወደ ጽሑፉ።

ጽሑፉን በስልኬ ጽፌ በቴሌግራም ላክሁ። ከሦስት ቀን በኋላ ናሙናውን ሳይ የእህቴ ስም ተሳስቷል። በጸሎቱ ጸ የሚጻፈው በፀሐዩ ፀ ተጽፏል። «ሥነ ሥርዓት» የሚለውም አንዱ ሥ በእሳቱ፣ አንዱ በንጉሡ ሆኖ ተዘበራርቋል። እንዴት ሆነ ብዬ ዲዛይነሩን ጠየቅሁት። ልጁ የሚሠራው በድሮ የግዕዝ ፎንት ነው፣ ዩኒኮድ አይደለም፣ ከቴሌግራም ኮፒ አድርጎ ሲለጥፈው ፊደሉ ወደማይነበብ ምልክት ይቀየርበታል። ስለዚህ ሁሉንም ከአዲስ በእጁ ይተይባል። ስሕተቱ የሚገባው እዚያ ጋ ነው። ይሄን ባውቅ ኖሮ ገና ስጀምር እንደ ኒያላ ባለ ዩኒኮድ ፎንት ሥራልኝ እለው ነበር፣ ጽሑፉ እንዳለ ነው የሚገባው።

ይሄ ታረመ። ሁለተኛው ግን አስደነገጠኝ። የሙሽራው ዘመዶች ከዋሽንግተን ስለሚመጡ ካርዱ በአንድ በኩል እንግሊዝኛ ነበረው። በአማርኛው «ከቀኑ 6 ሰዓት» ይላል። በእንግሊዝኛው በኩል ምሽት 6 ሰዓት ተብሎ ተጽፏል። በፈረንጆቹ አቆጣጠር የቀን 12 ሰዓት መሆን ሲገባው! እንግዶቹ ከአሜሪካ ድረስ መጥተው ምሳው ተበልቶ ሙሽሮቹ ሊወጡ ሲሉ ነበር የሚደርሱት። ቀኑም ስሕተት ነበር፣ ጃንዋሪ 27 ይላል፣ ጥር 18 ግን በዚያ ዓመት ጃንዋሪ 26 ነው። ልጁ የ2016ን ካርድ ከፍቶ ስሙን ቀይሮ ነው የሠራው። በ2015 ጳጉሜ 6 ስለሆነች የ2016 ጥር በፈረንጆቹ አንድ ቀን ይገፋል፣ በ2017 ደግሞ ወደ ቦታው ይመለሳል። ያዳነን «እሑድ» የሚለው ቃል ነው። ስልኬ ላይ ጃንዋሪ 27 ሰኞ ሆኖ ሳየው ነው የነቃሁት። ካርዳችሁ ላይ የሳምንቱን ቀን በሁለቱም ቋንቋ አስጽፉ፣ ሰዓቱን ደግሞ ከቤተሰቡ ውጪ የሆነ ሰው ያንብብላችሁ።

ልጁ ይቅርታ ጠይቆ ያንኑ ዕለት አስተካከለው፣ ተጨማሪ ገንዘብም አልጠየቁም። ይሄን ሳልናገር አላልፍም።

ሌላም ያደረገልኝ ነገር አለ። አባታችን ካረፈ 4 ዓመቱ ነው። እናቴ ስሙ ካርዱ ላይ እንዲኖር ፈለገች፣ በጠሪነት ማስገባቱ ደግሞ ከበዳት። ልጁ ቀስ ብሎ «እማማ፣ ጠሪዋ እርስዎ ይሁኑ፣ የእሳቸው ስም ከልጅዎ ስም ቀጥሎ አለ፣ እሱን በወርቁ እናድርገው» አላት። እናቴ ናሙናውን ይዛ ብዙ ቆየች። አንዱ ካርድ አሁንም ሳሎን ከአባቴ ፎቶ ሥር ተቀምጧል።

የውሃ ስቲከሩ ግን ገንዘብ ማባከን ነበር። ወረቀት ስለሆነ በረዶ ውስጥ ከገባው ጠርሙስ ላይ ተልጦ ወደቀ። የሚያስፈልገው ፕላስቲክ ነው፣ እነሱም ጠርሙሱ በረዶ ውስጥ ይገባል ወይ ብለው መጠየቅ ነበረባቸው። ባነሩ ደህና ነው። የጠረጴዛ ቁጥሩን ማንም አላየውም፣ ዘመድ ከዘመዱ ጋር ነው የሚቀመጠው።

ጊዜውን አስቡበት። ከጥምቀት በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ በዚያ ዓመት 5 ሳምንት ብቻ ነበር፣ ሰው ሁሉ በዚያ ውስጥ ይዳራል፣ ማተሚያ ቤቶች ታኅሣሥ ላይ ይጨናነቃሉ። እኔ ኅዳር መጀመሪያ አዝዤ ካርዱ የወጣው ታኅሣሥ 12 ነው። ቀሪው ጊዜ ለማደል እንኳ አጠረን። ካርድ በእጅ ነው የሚሰጠው፣ ከካራ እስከ አየር ጤና እየዞራችሁ፣ በየቤቱ ቡና እየተፈላ። ለወጣቶቹ ፎቶውን በቴሌግራም ላክን፣ ለሽማግሌዎቹ ግን አይሆንም፣ ቤታቸው ድረስ ሄዶ በሁለት እጅ መስጠት ነው።

ከፋሲካ በኋላ የአክስቴ ልጅ ታገባለች። የምወስዳት እዚያው ቤት ነው። ጽሑፉን በሁለቱም ቋንቋ ጽፌ፣ የሷም የእሱም እናት አንብበውት፣ ታትሞ ቦርሳዬ ውስጥ አለ።