«ሼንኑ» በዲቪዲ፦ ከተዋናይቷ ጀርባ ያለው የካሜራ ባለሙያ

እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር በ1934 በሻንጋዩ ሊያንኋ ስቱዲዮ የተሠራውን ይህን ድምፅ አልባ ፊልም አብዛኛው ሰው የሚገዛው ለሩዋን ሊንግዩ ትወና ሲል ነው፤ እኔን ግን ይበልጥ የማረከኝ የሆንግ ዌይሊየ ቀረጻ ነው። በተለይ ወሮበላው እግሩን አንፈራጦ ቆሞ፣ ሩዋን የምትጫወታት እናትና ልጇ በሁለቱ እግሮቹ መካከል ታጥረው የሚታዩበት ትዕይንት፣ ሴትዮዋ በሰውየው መዳፍ ሥር መውደቋን ያለ አንዳች ጽሑፍ ስለሚናገር፣ ደጋግሜ እያቆምኩ ተመልክቼዋለሁ። የሌሊቱ መንገድ መብራትም በጥራት ይታያል። ቅር ያሰኘኝ፣ ከዲስኩ ጋር የመጣው መግለጫ ስለ ተዋናይቷና ስለ ዳይሬክተሩ ዉ ዮንግጋንግ በሰፊው ሲያትት፣ የዳይሬክተር ሱን ዩን «ታላቁ መንገድ» የተሰኘ ፊልምም የቀረጸውን ይህን ባለሙያ በስም ብቻ ጠቅሶ ማለፉ ነው። ያም ሆኖ ለፊልም ተማሪ ዲስኩ ከዋጋው በላይ ነው።