ገመድ፣ ላስቲክ፣ ዳምቤል ወይስ ሳይክል? ለብርድ አገር ሰው የትኛው ይሻላል

ሰሞኑን ሶስት ሰው ያንኑ ጥያቄ ጠየቀኝ፣ «ቤት ውስጥ ስፖርት ልጀምር ነው ምን ልግዛ?»። እኔ ደግሞ ሁሌ መልሼ የምጠይቀው፣ ባለፈው ጀምራችሁ ያቆማችሁት ለምን ነበር? ምክንያቱም የሚዘለልበት ገመዱም የሚሳበው ላስቲኩም በእጅ የሚነሳው ዳምቤሉም ከተሰራበት ይሰራል፣ ለውጥ የሚያመጣው እቃው ሳይሆን እቃው ሁለተኛው ወር ላይ አልጋ ስር ገብቶ አቧራ መልበስ አለመልበሱ ነው። ሶስቱን በራሴ ብር ገዝቼ አይቻቸዋለሁ፣ ባለበት ቆሞ የሚነዳውን ሳይክል ደግሞ ወንድሜ ቤት።

የምኖረው ደብረ ብርሃን ነው፣ አንዲት ክፍል ኪራይ ቤት። ከተማችን 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፣ ህዳርና ታህሳስ ላይ ጠዋት ስትወጡ ሳሩ በውርጭ ነጭ ሆኖ ነው የሚጠብቃችሁ፣ ስለዚህ እዚህ ሙድ የሚያጠፋው ስንፍና ብቻ አይደለም፣ ብርድ ልብሱም አለበት (ያው የብርድ ልብስ ፋብሪካው እዚህ መሆኑ ዝም ብሎ አይደለም)። ዋጋ በብር አልጽፍም፣ ዛሬ የጻፍኩት በሳምንቱ ውሸት ይሆናል። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም፣ ገመድ ከሁሉም ይረክሳል፣ ላስቲክ ይከተላል፣ ዳምቤል በኪሎው ይወጣል፣ ሳይክል ደሞዝ ይበላል፣ ትሬድሚልማ (በመብራት የሚሰራው መሮጫ) ተዉት።

ገመድና ላስቲክ

ብዙ ሰው የሚያመነታው በነዚህ መሀል ነው፣ ሁለቱም ቦርሳ ውስጥ ይገባሉ ሁለቱም ርካሽ ናቸው። ገመድ ልብና ሳንባ ያሰራል፣ ላብ ቶሎ ያመጣል፣ በብርድ ደግሞ ቶሎ መሞቅ ትልቅ ነገር ነው፣ ጋቢ ደርቤ ጀምሬ ሶስት ደቂቃ ሳይሞላ ወርውሬው አገኘዋለሁ። ችግሩ ግን ኮርኒሱ ዝቅ ያለ ቤት አምፖል ያወርዳል (አውርጃለሁ)፣ ከዛ ደግሞ ድምጹ። የመጀመሪያው ሳምንት ላይ ሌሊት 11 ሰዓት ተኩል ስዘል አከራዬ እትዬ በሩን አንኳኩ።

«ልጄ፣ ምን እየወቀጥሽ ነው በዚህ ሌሊት? ቡና ነው እንዳልል አይሸት።»

«አይ እትዬ ስፖርት ነው፣ ይቅርታ ቀሰቀስኩዎት።»

«ታዲያ ግቢው ሰፊ አይደል እንዴ፣ ወጥተሽ ዝለያ!»

ግቢው ሰፊ ነው፣ ውርጩም እዛው ነው ያለው። በቃ ገመዱን ወደ ማታ 12 ሰዓት አዞርኩት፣ በዛ ሰዓት እሳቸውም ቴሌቪዥን ከፍተው ስለሚቀመጡ ማንም አይሰማኝም። ሌላው የፕላስቲክ ገመድ በብርድ ድርቅ ይላል፣ ከፌስታሉ ስታወጡት እንደተጠቀለለ ነው የሚቀረው እና እግር ይጠልፋል፣ ሙቅ ውሃ ውስጥ ትንሽ ነከር አድርጋችሁ ዘርግታችሁ ብትሰቅሉት ይቃናል። የሽቦውን ገመድ ጀማሪ ከሆናችሁ አትግዙ፣ ፈጣን ነው ግን ባታችሁን ሲያገኘው ታስታውሱታላችሁ። ስትገዙ መሀሉን በአንድ እግር ረግጣችሁ እጀታዎቹን ወደ ላይ ሳቡ፣ ብብታችሁ አካባቢ ከደረሰ ልካችሁ ነው። ጉልበታችሁን የሚያማችሁ ከሆነ ወይ ኪሎ ከበዛባችሁ ግን ገመድ ለጊዜው ይቅርባችሁ፣ ፈጠን ባለ እርምጃ ጀምሩ።

ላስቲክ ድምጽ የለውም፣ አልጋ ጫፍ ላይ ተቀምጣችሁም ይሰራል፣ በሳባችሁት ቁጥር እየከበደ ስለሚሄድ ክንድ ጀርባ ትከሻ ሁሉንም ያገኛል። በገበያ ላይ ሁለት አይነት ታገኛላችሁ፣ እጀታ ያለው ቱቦ እና ረጅም ጠፍጣፋ ክብ። እኔ ጠፍጣፋውን ነው የምመርጠው፣ እግር ስር ረግጦ መሳብ ብቻ ነው ሌላ ጣጣ የለውም። ቱቦው ብዙ ጊዜ በር ላይ ከሚታሰር ማንጠልጠያ ጋር ይመጣል፣ ያ ደግሞ ስትስቡት በሩን የሚዘጋ አቅጣጫ ላይ መሆን አለበት፣ የሚከፍት ከሆነ ማንጠልጠያው አምልጦ ፊታችሁ ላይ ነው የሚመጣው። የኪራይ ቤት ቆርቆሮ በር ከሆነ ጭራሽ እንዳታስቡት። የኔ የመጀመሪያው ላስቲክ መስኮት ላይ ረስቼው ፀሀይ ሲበላው ከርሞ፣ አንድ ቀን እጄ ላይ ተበጠሰ፣ ሰንበሩ ሳምንት ቆየ። ላስቲክ ፀሀይ አይወድም፣ ከመሳባችሁ በፊት ወጠር አድርጋችሁ እዩት፣ ጥቃቅን ስንጥቅ ካለው ጣሉት።

ከሁለቱ አንዱን ብቻ ካላችሁኝ፣ ቶሎ የሚሰለቻችሁ ሰው ከሆናችሁ ገመድ፣ ሰው ይሰማኛል ያየኛል እያላችሁ የምታቆሙ ከሆነ ላስቲክ። እኔ ሁለተኛዋ ነኝ።

ዳምቤልና ጀሪካን

እዚህ ጋ ብዙ ሰው ይከራከረኛል ግን እላለሁ፣ የመጀመሪያ ሶስት ወር ዳምቤል አትግዙ። 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ውሃ ስትሞሉት 5 ኪሎ ነው፣ ደረቅ አሸዋ ስትሞሉት 8 ኪሎ አካባቢ ይመጣል፣ በሊትር አንድ ኪሎ እያላችሁ ውሃውን መቀነስና መጨመር ትችላላችሁ፣ የትኛው ዳምቤል ነው እንዲህ የሚሆነው? ብቻ ጢም አድርጋችሁ ካልሞላችሁት ውሃው ውስጥ እየተንገጫገጨ ክንዳችሁን ወዲያና ወዲህ ይጎትተዋል፣ ከጭንቅላት በላይ ለመግፋትም አይመችም። ለስኳት (ቁጭ ብድግ) እና ጎንበስ ብሎ ወደ ሆድ ለመሳብ ግን አንደኛ ነው።

የሰፈር ልጆች ቆርቆሮ ውስጥ ሲሚንቶ ሞልተው በቧንቧ የሚያገናኙትም አለ፣ እኔ እንኳን ብዙም አልወደውም፣ ሁለቱ ጫፎች እኩል አይመጡም፣ አንዱ ሲከብድ የእጅ አንጓ ይጣመማል።

የምር ብረት መግዛት ከፈለጋችሁ የሚፈታና የሚገጠም ግዙ፣ ዲስኩን እየጨመራችሁ ለአመታት ትሰሩበታላችሁ። በውጪ ፕላስቲክ የሆነው ውስጡ ሲሚንቶ ነው፣ ርካሽ ነው ግን ለኪሎው ትልቅ ይሆናል፣ አንዴ ከወደቀ ይሰነጠቃል። እጀታው ጎማ የለበሰ ይሁን፣ እዚህ አገር በጠዋት ባዶ ብረት መያዝ በረዶ እንደመጨበጥ ነው፣ እመኑኝ እሱ ብቻውን ስፖርት ያስተዋል። ከሁሉም በላይ ግን ኪሎውን ጠይቁ። እኔ በቴሌግራም «10 ኪሎ» የሚል አይቼ ብሩን ላክሁ፣ በመኪና ሲመጣልኝ ለካ ሁለቱ ተደምረው ነው 10፣ እያንዳንዱ 5 ኪሎ ነው። ሻጩን ስጠይቀው «እህት ጥንድ ነው እኮ ያልኩሽ» አለኝ፣ ጥንድ የምትል ቃል ግን የትም አልነበረችም። ጀሪካኔም 5 ኪሎ፣ የገዛሁትም 5 ኪሎ። ሸጥኩት።

ሳይክልና ትሬድሚል

ትሬድሚል አጭር ነው፣ መብራት ሲጠፋ ይቆማል፣ ቦታ ይበላል፣ ከአዲስ አበባ 130 ኪሎሜትር አስጭናችሁ ደግሞ ቤት ስትቀይሩ እንደገና ማስጫን ነው። ሩጫ ካማራችሁ አስፋልቱ አለ።

ሳይክል ይሻላል፣ በተለይ በማግኔት የሚከብደው አብዛኛው መብራት አይፈልግም፣ ድምጹም ትንሽ ነው፣ ጉልበት ላይም እንደ ገመድ አይደለም። ወንድሜ ሸዋ ሮቢት ነው ያለው፣ እዛ ደግሞ ጣጣው የተገላቢጦሽ ነው፣ ሙቀቱ ነው ሰው ሚያስተኛው፣ እሱ ማታ ኳስ እያየ ፔዳል ይመታ ነበር፣ ሁለት ወር ጥሩ ሄደ። ኳሱ ሲዘጋ ሳይክሉም ተዘጋ። አሁን የልጆቹ ዩኒፎርም ማድረቂያ ነው። (እኛ ጋ ሲመጣ ደግሞ የጣርማበርን ዳገት ወጥቶ አየሩ ስለሚሳሳ ደረጃ ላይ ያለከልካል፣ ከቆላ የመጣ ሰው የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ቀስ ብሎ ይጀምር።) የምትገዙ ከሆነ ወንበሩ ከፍ ዝቅ ማለቱን እና የሚችለውን ኪሎ እዩ፣ ያገለገለም ፈልጉ፣ እንደ ወንድሜ ያለው ብዙ ነው።

ቦርጭ ያቀልጣል የሚባለው ቀበቶስ? ውሃ ነው የሚያወጣው፣ አንድ ሁለት ብርጭቆ ስትጠጡ ኪሎው ይመለሳል፣ ስብን ከሆድ ብቻ መርጦ የሚያወጣ እቃ ደግሞ የለም። ማትም (የስፖርት ምንጣፍ) ቢሆን አልጋ ላይ የመንዝ ዝተት (የሱፍ ብርድ ልብስ) ካላችሁ አትግዙ፣ ለሆድ ስራ እጥፍ አድርጋችሁ አንጥፉት፣ ፑሽ አፕ ስትሰሩ ብቻ እጃችሁን ሊሾው ላይ አድርጉ፣ ዝተቱ ይንሸራተታል።

አሁን የሙዱ ነገር። የአለም ጤና ድርጅት በ2020 እንደ ፈረንጆቹ ባወጣው ምክር ለአዋቂ ሰው በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ ከዛ ላይ ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያሰራ ነው የሚለው። ቁጥሩ ያስፈራል፣ ግን የ2010ሩ ምክር ላይ አንዴ ስትጀምሩ ቢያንስ 10 ደቂቃ መቀጠል አለበት የሚል ነበር፣ አዲሱ ላይ እሱ ወጥቷል። ማለትም ጀበናው እስኪፈላ የሰራችሁት አምስት ደቂቃም ይቆጠራል። እኔን ያዳነኝ ይሄ ነው፣ ጀበና ጥዶ ላስቲክ መሳብ። ሰዓት የለኝም ብላችሁ የምታቆሙ ከሆነ ስለዚህ የሚዘረጋ የሚገጠም እቃ አትግዙ፣ እጃችሁ ስር ያለ ነገር ይሁን። ብርዱ ከሆነ የሚያስቆማችሁ ላስቲኩን ትራስ ስር አድርጉት፣ የመጀመሪያውን ሁለት ደቂቃ ብርድ ልብስ ውስጥ ሆናችሁ መሳብ ይቻላል፣ ያስቃል ግን ከዛ መነሳት ይቀላል። በሁዳዴ ደግሞ 55 ቀን ሙሉ ከማቆም ሰዓቱን ከምግብ ሰዓት በፊት ወዳለው ግማሽ ሰዓት አምጡትና ቀለል አድርጉት፣ ውሃውም ምግቡም ወዲያው ይከተላል። ቪዲዮ እያያችሁ የምትሰሩ ዋይፋይ ስታገኙ አውርዱት፣ ካርድ አለቀ ብሎ ያቆመ ሰው አውቃለሁ።

እኔ ጋ አሁን የቀሩት ጠፍጣፋ ላስቲክ፣ ገመድና ሁለት ጀሪካን ናቸው። ጀሪካኖቹ መጀመሪያ ውሃ ነበሩ፣ ግን የቧንቧ ውሃ በጠፋ ቁጥር እትዬ «ልጄ ያቺን ስፖርትሽን እስቲ አበድሪኝ» ይሉና አንዱን ለወጥ ይወስዱታል፣ ለሳምንት በአንድ እጄ ብቻ ስሰራ ከርሜ አሸዋ ሞላኋቸው።