ዶርዜ ወይስ አውራ አምባ? ሽመና ለመሞከር፣ ጋቢ ለመግዛትና የቤት ምግብ ለመብላት

ራሳችሁ መሸመኛ ላይ ተቀምጣችሁ መሥራት ከፈለጋችሁ አውራ አምባ ይሻላል። የቤት ምግብ ከጓሮ እስከ ምጣድ ሲሠራ ማየትና እጅ ማስገባት ከፈለጋችሁ ደግሞ ዶርዜን የሚያህል የለም። ሁለቱን በአንድ ጉዞ ማዳረስ አይመችም፤ ዶርዜ ጋሞ ደጋ ላይ፣ አውራ አምባ ደግሞ ደቡብ ጎንደር ፎገራ ውስጥ ነው።

መንገዱና አየሩ

ዶርዜ ከአርባ ምንጭ ወደ ጨንቻ በሚወጣው ዳገት ላይ 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አርባ ምንጭ በአውሮፕላንም በመኪናም ይደረሳል። ከታች ሙቀት ነው ብሎ በስስ ልብስ የወጣ ሰው ማታ ይቸገራል፤ ዶርዜ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው፣ ጉሙም ብርዱም የደጋ ነው። በሚያዝያና በግንቦት ዝናቡ ስለሚበረታ ዳገቱን በጠዋት መውጣት ይመረጣል።

አውራ አምባ ከባሕር ዳር 70 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር በሚወስደው መንገድ አጠገብ ነው። አቶ ዙምራ ኑሩ በ1964 ዓ.ም. የመሠረቱት ማኅበረሰብ ሲሆን እንግዳ ማሳደሪያም አለው። ሆኖም ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በአማራ ክልል ግጭት ስላለ፣ ከመነሳታችሁ በፊት በዚያው ሳምንት መንገዱን ያየ ሰው ጠይቁ። መልሱ የሚያጠራጥር ከሆነ ዶርዜን ምረጡ፤ ሽመናው ይቆያል።

መሸመኛው ላይ

በዶርዜ መፍተል የሴት፣ መሸመን የወንድ ሥራ ሆኖ ኖሯል። በአውራ አምባ ሥራ በፆታ ስለማይከፈል ወንዱም ሴቷም ይሸምናሉ። ልትማር የመጣች ሴት ከሴት ሸማኔ ጎን መቀመጥ ከፈለገች ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው።

መቀመጫውም ይለያያል። የዶርዜ ሸማኔ መሬት ላይ፣ ጉድጓድ ጠርዝ ተቀምጦ እግሩን ወደ ውስጥ አስገብቶ መርገጫውን ይረግጣል። ጉልበቱን ወይም ወገቡን ለሚያመው ከባድ ነው። አውራ አምባ ውስጥ በእንጨት የቆሙ መሸመኛዎች አሉ፤ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ስለሚሠራባቸው ለጀማሪ ይቀላሉ።

የትም ብትሄዱ በአንድ ቀን ሻርፕ ሠርታችሁ አትመለሱም። ጊዜ የሚበላው ድሩን (በቁመት የሚወጠረውን ክር) መለካት፣ ክሩን አንድ በአንድ ማሳለፍና መወጠር ነው፤ ማግ የሚባለው በድሩ መሐል በአግድም የሚገባው ክር ነው። ስለዚህ አስቀድማችሁ ስትደውሉ «ድሩ የተዘረጋ፣ ማግ ብቻ የምናስገባበት ሸማ ይኖራል?» በሉ። ከሌለ የምታገኙት ማየት ብቻ ነው።

የጀማሪ ሁሉ ስህተት ማጉን አጥብቆ መሳብ ነው። ጠርዙ ወደ ውስጥ ይሰበሰባል፣ ጨርቁ እየጠበበ ይሄዳል፣ በመጨረሻም የዳር ድሮች ይበጠሳሉ። መወርወሪያው (ማጉን የሚያሳልፈው) ካለፈ በኋላ ማጉን በሰያፍ ላላ አድርጋችሁ ተዉትና ከዚያ ወደ ተሠራው ጨርቅ ምቱ፤ ሲመታ ራሱ ቦታውን ይይዛል።

እንዝርት ደግሞ ከሽመናው ይልቅ ያስቸግራል። ባዘቶውን (ለመፍተል የተዘጋጀውን ጥጥ) ሳይከር ከሳባችሁት ይበጠሳል፤ ብዙ ከከረረ በኋላ ከሳባችሁት አይሳሳም፣ እየተቋጠረ ይቀራል። ከዶርዜ እናቶች አጠገብ ተቀምጣችሁ ጣታቸውን እዩ፤ ማክረሩና መሳቡ አብሮ ነው የሚሄደው። ለዚህ ትምህርት ዶርዜን አስቀድማለሁ።

ምግቡ

ዶርዜ ላይ እንሰቱ ጓሮ ውስጥ ነው። ግንዱ በቀርከሃ መፋቂያ ይፋቃል፣ የተፋቀው በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ጉድጓድ ውስጥ ይብላላል፤ ይህ ከሳምንታት እስከ ወራት ይወስዳል። እናንተ የምትደርሱት ፍቂያውና ጋገራው ላይ ነው፤ በዚያ ቀን የፋቃችሁትን አትበሉም።

ለመጋገር የተብላላው ቆጮ በደንብ ይጨመቃል፣ ጭረቱ እስኪያልቅ በቢላ ይከተከታል፣ ይታሻል፣ በእንሰት ቅጠል መሐል ስስ ተደርጎ ይዘረጋና ምጣድ ላይ ይገላበጣል። ውሃው ካልተጨመቀ ቅጠሉ እያረረ መሐሉ ጥሬ ይቀራል። ክትክታው ከተቸኮለበት ደግሞ ጥርስ ውስጥ ገመድ ይሆናል። ቅጠሉ ሲጠቁርና ቂጣው በቀላሉ ሲላቀቅ ደርሷል ማለት ነው። በትኩሱ፣ በዳጣና በማር ይቀርባል። ዳጣው ያቃጥላል፤ ለልጆች ማሩን አስቀድሙ። አረቄም ይከተላል።

ለመስቀል መሄድ ለምግቡና ለበዓሉ ግሩም ነው፤ አዲስ አበባ የሚሠሩት ሸማኔዎች ሳይቀሩ አገራቸው ይገባሉ። ለትምህርት ግን አይሆንም፣ ሁሉም በዓል ላይ ነው።

አውራ አምባ ላይ እንጀራና ሽሮ፣ ምስርና አትክልት ነው፤ ንጹሕና ቀላል። ወንዶችም ይጋግራሉ፣ መጠጥ አይጠበቅም። ውጭ አገር ያደጉ ልጆች ይዛችሁ ከመጣችሁ ይህን ማየታቸው ትልቅ ነገር ነው። ለምግብ ብቻ ግን ያን ያህል መንገድ አያስኬድም።

ጋቢ ስትገዙ

ለሁለቱም ቦታ የሚሠራ ጥያቄ አለ፦ ድሩ ምንድን ነው፣ ማጉስ? ሻጩ «ፈትል ነው» ሲል አብዛኛውን ጊዜ ማጉን ማለቱ ነው፤ ድሩ የፋብሪካ ክር ሊሆን ይችላል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ የፋብሪካ ድር ሲወጠር በቀላሉ አይበጠስም። የእጅ ፈትል ዋጋ ልትከፍሉ ስትሉ ግን ማወቅ አለባችሁ። ብርሃን ላይ ያዙት፦ የእጅ ፈትል ቦታ ቦታ ወፈር ሳሳ ይላል፣ የፋብሪካው ወጥ ነው። ከጫፉ አንድ ክር መዝዛችሁ አቃጥሉ፤ ጥጥ እንደ ወረቀት ሸትቶ ለስላሳ አመድ ይሆናል፣ ፖሊስተር ቀልጦ ጠጣር ፍሬ ይሠራል። ጋቢ አራት ድርብ፣ ነጠላ ሁለት ነው፤ የውስጡን ድርብ ገልጣችሁ እዩ። ሜትር ይዛችሁ ሂዱ።

ጥበብ ያለው ከሆነ ጥለቱን በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ፈግፉት። ቀለም ከለቀቀ ወይ ሌላ ምረጡ፣ ወይ ጥለቱ ነጩን እንዳያቀልመው ሳትዘፈዝፉ፣ በቀዝቃዛ ውሃ፣ ያለ በረኪና አጥባችሁ ወዲያው ዘርግታችሁ አስጡት።